ድሮዊንግ ለመጨፍለቅ፦ ሙሉው አውቶካድ፣ አውቶካድ ኤልቲ ወይስ ብሪክስካድ ላይት?

ከቀያሽ የመጣ ድሮዊንግ ከላይ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ሁለት መስመር የሚያገናኘውን ፊሌት ሲያዙት ግን መስመሮቹ አንድ ጠለል ላይ አይደሉም ይላል፣ ቦታን በመስመር የሚሞላው ሀች ወሰኑ አልተዘጋም ይላል። ጥፋቱ ያለው ዜድ፣ ማለትም የከፍታው ቁጥር ላይ ነው፤ መጨፍለቅ ማለትም ሁሉንም ወደ አንድ ጠለል ማውረድ ነው። የቀያሹ መለኪያ መሣሪያ ቶታል ስቴሽን ነጥቡን ከነከፍታው ስለሚመዘግብ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተለካ ቦታ ከሆነ አንዱ ጫፍ 2,350 ሜትር ላይ፣ በእጅ የተሳለው ሌላው ጫፍ ዜሮ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ትንሹ ልዩነት ይብሳል፣ ዓይን አይይዘውምና። በፕላን 4 ሜትር የሆነ መስመር ጫፎቹ በከፍታ 3 ሜትር ከተለያዩ የተመረጠውን ነገር ልኮች የሚያሳየው ፕሮፐርቲስ 5 ሜትር ብሎ ያነባል። የአጥር ርዝመት ከዚያ ከተወሰደ የብሎኬቱም የሲሚንቶውም ስሌት አብሮ ይሳሳታል።

ሙሉው አውቶካድ በዊንዶውስ ላይ ፍላተን የሚባል ትዕዛዝ አለው፤ የሚገኘው ኤክስፕረስ ቱልስ በሚባሉት ተጨማሪ ትዕዛዞች ውስጥ ነው። የሚጨፈልቀው በሚታየው እይታ አቅጣጫ ስለሆነ መጀመሪያ ዩሲኤስን (የኤክስ፣ የዋይና የዜድ አቅጣጫን የሚወስነውን) ወርልድ ላይ ይመልሱ፣ በፕላን ትዕዛዝ ወደ ላይኛው እይታ ይሂዱ፣ ከዚያ ፍላተን ይበሉ። የተሸፈኑ መስመሮች ይጥፉ ወይ ሲል ኖ ይምረጡ። አይሶሜትሪክ እይታ ላይ ሆነው ካዘዙት ፕላኑ ተንጋዶ ይቀራል።

ቀለል ያለው የአውቶካድ እትም ኤልቲ ፍላተን የለውም። ሥራዎ ቀጥታ መስመር ከሆነ ግን አይጎዳዎትም፦ ሁሉንም መርጠው ፕሮፐርቲስ ላይ የመነሻና የመድረሻ ዜድን 0 ያድርጉ፤ ለፖሊላይን (ለተያያዘ መስመር) ኤሌቬሽንን፣ ለክብና ለቅስት የማዕከሉን ዜድ። ባለ ሦስት አውታር ፖሊላይን ሲበዛ ሙቭ ይሻላል። ከ1 በኋላ 99 ዜሮ ባለው ርቀት በዜድ ወደ ላይ ይግፉት፣ በዚያው ልክ ወደ ታች ይመልሱት። ፕሮግራሙ የሚይዘው ወደ 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ ትንንሾቹ ከፍታዎች መንገድ ላይ ይጠፋሉ።

ኤልቲ የሚቸገረው ቅስት ላይ ነው። ያዘነበለ ቅስት ማዕከሉ ዜሮ ላይ ቢወርድም ማዘንበሉን አይተውም፤ ፕሮፐርቲስ ላይ የኖርማል ዜድ ቁጥር (ቅስቱ የተኛበት ጠለል ወዴት እንደሚያይ የሚናገረው) 1 ወይም -1 ካልሆነ ምልክቱ ያ ነው። ብሎክ (እንደ አንድ ነገር የታሰረ ሥዕል) ውስጥ ያለ መስመርም ብሎኩ ካልተከፈተ አይነካም። ከ2024 ወዲህ ኤልቲ የአውቶካድን የስክሪፕት ቋንቋ አውቶሊስፕን ስለሚቀበል የጨፍላቂ ስክሪፕት መጫን ይቻላል።

ፍላተን ራሱ ተአምር አይሠራም። ዲያሜትሩ 10 ሜትር የሆነ ክብ 30 ዲግሪ ካዘነበለ ከላይ የሚታየው 10 በ8.66 የሆነ ሞላላ ነው፤ ሲጨፈለቅ ራዲየሱ ይጠፋል። የመንገድ ኩርባ ከሆነ በሦስት ነጥብ እንደገና መሳል ይሻላል።

የሌላ ኩባንያ ፕሮግራም የሆነው ብሪክስካድ ላይት የአውቶካድን የዲደብልዩጂ ፋይል ይከፍታል፣ ፍላተንም ሊስፕም አለው፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚቀር ላይሰንስም ይሸጣል። አውቶካድ ግን በሰብስክሪፕሽን ብቻ ነው። በየዓመቱ የውጭ ምንዛሪ ለሚያስጨንቀው ትንሽ ቢሮ የእኛ ምርጫ ብሪክስካድ ላይት ነው። በ30 ቀኑ ነጻ ሙከራ ላይ የራስዎን አስቸጋሪ ፋይል፣ በተለይ ብሎክና ያዘነበለ ቅስት ያለበትን፣ ጨፍልቀው ይዩ። ሙሉው አውቶካድ ዋጋው የሚገባው ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ለሚሠራ ነው፤ ለፍላተን ብቻ አይገዛም።

የትኛውንም ቢገዙ ኦስናፕዜድ የሚባለውን ቅንብር 1 ያድርጉ፤ ስናፕ ያደረጉት (ነባር መስመር ላይ የያዙት) ነጥብ ከፍታውን ይዞ አይመጣም። ኮንቱር (የመሬት ከፍታ መስመር) ያለበትን ፋይል ግን ቅጂውን እንጂ ዋናውን አይጨፍልቁ።