ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ፣ ከ36 ዓመት በኋላ

የመጀመሪያውን ቶፕ ገን ያየሁት በልጅነቴ፣ ደሴ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጣበን ነው። ስለ አሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር ጄት አብራሪዎች የሚያወራው ይህ ፊልም የወጣው በፈረንጆቹ 1986 ነበር። ሁለተኛው በ2022 ሲመጣ የልጅነት ፍቅሬን ያበላሹብኛል ብዬ ፈራሁ። አብሽሩ፣ አላበላሹትም! ተዋናዮቹን እውነተኛ የጦር ጄት ላይ፣ ከአብራሪው ኋላ አስቀምጠው ስለቀረጿቸው ጄቱ በተጠማዘዘ ቁጥር ፊታቸው ሲጨማደድ ታያላችሁ፣ ያ ትወና አይደለም። ታሪኩ ቀላል ነው። የጠላት አገር ስሙ እንኳን አይጠራም፣ ይሄ አልተመቸኝም። ግን በእውነተኛ ሕይወቱ በጉሮሮ ካንሰር ድምፁን ያጣው ቫል ኪልመር (በመጀመሪያው ፊልም የዋናው አብራሪ ተፎካካሪ የነበረው) ዋናውን ተዋናይ ቶም ክሩዝን ሲያቅፈው ወንድሜም እኔም አለቀስን። በትልቅ ስክሪን፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። በስልክ ማየት ግፍ ነው።