አሮልሰን መዝገብ ቤት፦ ለግዳጅ ሥራ የተጋዘችን ፖላንዳዊት ዱካ ለሚፈልግ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለግዳጅ ሥራ ወደ ጀርመን ከተጋዙት ፖላንዳውያት ወጣቶች የብዙዎቹ ታሪክ የቀረው ጀርመናዊ ጸሐፊ በሞላው ካርድ ላይ ነው። ያን ካርድ ለማግኘት መጀመሪያ የሚሞከረው በጀርመን ባድ አሮልሰን ከተማ ያለው አሮልሰን መዝገብ ቤት ነው። የናዚ አገዛዝ ሰለባ የሆኑ 17.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የሚመለከት ሰነድ ይዟል። የኢንተርኔት ፍለጋው ነጻ ነው፤ የሰነዱን ምስልም ማውረድ ይቻላል።

ፈላጊውን የሚያስቸግረው ስሙ ነው። ጸሐፊው የጻፈው የሰማውን ነው። ፖላንዶች «ሽ»ን በሁለት ፊደል ሲጽፉ ጀርመኖች በሦስት ይጽፉታል። የሴት ስም በፖላንድኛ «ስካ» ብሎ ያልቃል፤ ጀርመናዊው ግን ብዙ ጊዜ የወንዱን «ስኪ» ጽፎ ያልፋል። ስለዚህ ኮቫልስካን ያጣ ሰው ኮቫልስኪ ብሎ ይፈልግ። የትውልድ ቦታም እንዲሁ ነው፦ ዉች ከተማ ከ1940 ጀምሮ «ሊትስማንሽታት» ተብላ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ያገባች ሴት ደግሞ የስደተኞች ካርዷ (ከጦርነቱ በኋላ ከአገራቸው ውጭ ለቀሩ ሰዎች የተሞላው) በባሏ ስም ሊሆን ይችላል።

የሥራ ካርዱ ሲገኝ ቀስ ብሎ መታየት አለበት። አሠሪዋና የሥራዋ ዓይነት ተጽፈዋል፤ ለብዙዎቹ የእርሻ ሥራ ነው። በአንዳንዱ ፎቶ ላይ በቀኝ ደረቷ የተሰፋው ምልክት ይታያል፦ ጎኑ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ቢጫ ጨርቅ፣ በላዩም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው «ፒ» (P) ፊደል፣ ፖላንዳዊ ለማለት። ይህን ምልክት የግድ ያደረገው የመጋቢት 8 ቀን 1940 ድንጋጌ ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች)።

የጤና መድን ዝርዝሮች ሥራ የጀመረችበትንና የጨረሰችበትን ቀን ይሰጣሉ። በመካከል ክፍተት ካለ ቶሎ መደምደም ስህተት ነው። አሠሪ ቀይራ፣ ወልዳ ወይም ታስራ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ጠፍቶም ይሆናል።

ሁሉም ሰነድ ኢንተርኔት ላይ የለም። በቅጽ የሚላከው ጥያቄም ነጻ ነው፤ መልሱ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። የአባቷን ቤት ስም፣ የልደት ቀኗን፣ የትውልድ መንደሯንና የሠራችበትን ቦታ አሟልቶ መላክ ያዋጣል። በስም ጭራሽ ካልተገኘች በሠራችበት ቦታ ይፈለግ፤ ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ማዘጋጃ ቤቶች በተባባሪ ኃይሎች (ጀርመንን ባሸነፉት አገሮች) ትእዛዝ የውጭ ዜጎችን ዝርዝር አዘጋጅተው ነበር፣ ያም የተደረደረው በአካባቢ ነው።