ጅማ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽኔን ለሚያይልኝ ቴክኒሻን የምሰጠው ምስክርነት

ወደ ጅሬን በሚወጣው ዳገት ላይ ለምንኖር ሰዎች የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዋጋው የሚታወቀው በክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ በእጅ ተጨምቆ የተሰጣ አንሶላ ሳይደርቅ ይሸታል። ማሽኑ በደንብ አሽከርክሮ ከጨመቀው ግን በረንዳ ላይም ይደርቃል። ስለዚህ ማሽኑ መሀል ላይ ቆሞ የብልሽት ኮድ ሲያወጣ ለማን እንደሚደወል ማወቅ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የምጽፈው እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ስለሚሠራ አንድ ቴክኒሻን ነው። ሰሌዳ አልሰቀለም፤ ደጃፉ ላይ ከተደረደሩት አሮጌ ማሽኖች ግን ቦታው ይታወቃል።

ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ የማሽኑን ስሪት ነው። ኮዱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ኤልጂ ላይ «አይ ኢ» የሚለው ሳምሰንግ ላይ «4 ሲ» ወይም «4 ኢ» ተብሎ ይወጣል፤ ሁለቱም ውሃ በሚፈለገው ጊዜ አልገባም ማለት ናቸው። ውሃ አልወጣም የሚለው ደግሞ በኤልጂ «ኦ ኢ»፣ በሳምሰንግ «5 ሲ» ወይም «5 ኢ» ነው። የእኔ ውሃ አልገባም የሚለው ነበር። ቀጥሎ የተናገረው ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ሰምቼው የማላውቀውን ነው፦ «እትዬ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት እርስዎ ራስዎ የሚያዩት ነገር አለ፤ እሱ ከሆነ ለምን ገንዘብ ያወጣሉ?»

ከዚያ በስልክ አንድ በአንድ አስያዘኝ። እጄን እንዳደርቅ፣ ሶኬቱን እንድነቅል፤ ወለሉ እርጥብ ከሆነ ሶኬቱን ሳልነካ ከቆጣሪው ጋር ያለውን ማጥፊያ እንዳወርድ አዘዘኝ። ቧንቧው ተዘጋ። ከስር ሳፋ ተደርጎ ከማሽኑ ጀርባ ያለው የውሃ መግቢያ ጎማ በእጅ ተፈታ። እዚያ አፉ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። በፒንሳ በቀስታ ይሳቧት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቧት፣ በመርፌ ግን እንዳይወጓት ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ፤ ከተቀደደች ደለሉ ውሃውን ወደሚከፍተውና ወደሚዘጋው ቫልቭ ይገባል። ወንፊቷ ቀይ ደለል ጠጥታ ነበር። ውሃ ቆይቶ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው ምን ዓይነት እንደሆነ የሰፈራችን ሰው ያውቀዋል። ጎማው ተመልሶ ሲታሰር የጎማ ቀለበቷ በቦታዋ መሆኗን አይቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ጠብታ እንደሌለ ካረጋገጥኩ በኋላ ብቻ ሶኬቱን ሰካሁ። ማሽኑ ሠራ። ለዚህ ምክር ምንም አልጠየቀኝም።

የመስመር ውሃ ጠፍቶ ከሮቶ ስናጥብ ግን ያው ኮድ ተመልሶ መጣ። ይህን ስነግረው ቤት መጣ፤ ለመምጣት የሚያስከፍለውን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ በኋላም አልጨመረበትም። ማሽኑን አልፈታም። ጎማውን ከማሽኑ ነቅሎ ባልዲ ውስጥ አስገባና ቧንቧውን ከፈተው። የወረደው ውሃ ከጀበና አፍ እንደሚወርድ ቡና የቀጠነ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ሮቶውን አየ፣ ከፍታውን በሜትር ለካ። ነገሩን ያስረዳኝ እንዲህ ነው፦ ውሃ በራሱ ክብደት ሲወርድ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። የእኔ ሮቶ ከማሽኑ በላይ 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚሰጠው 0.3 ባር ገደማ ነው። የማሽኑን መመሪያ ገልጠን ስናይ ዝቅተኛው ግፊት 1 ባር ይላል። ማሽኑ እንግዳ ነገር አላደረገም፤ ውሃው በጊዜው አልሞላለትም፣ ስለዚህ ቆመ። ሌላ ቤት ቢሆን ቫልቭ ተቀየረ፣ ማሽኑን የሚያዘው ቦርድ ተቃጠለ ተብሎ ብዙ ገንዘብ ይወጣበት ነበር። መፍትሔው ከሮቶው ስር የምትገባ፣ ቧንቧ ሲከፈት በራሷ የምትነሳ ትንሽ ፓምፕ ናት። ከእሱ እንድገዛ አልገፋፋኝም፤ ከፈለግኩበት ገዝቼ እንድጠራው ነገረኝ። እንደዚያው አደረግን። ከዚያ ወዲህ ከሮቶም ያጥባል።

ሥራውን ግን ወዲያው አልጀመረም። ሶኬቱን በቴስተር ለካና ግራውንድ የሚሉት የመሬት ሽቦ እንደሌለው አገኘ። «ይሄ ሳይሠራ ፓምፕ አላስገባም» አለ፤ ቃሉንም አላጠፈም። ውሃና 220 ቮልት አንድ ላይ ባሉበት ቦታ የማሽኑ አካል ላይ ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ የሚወስደው የመሬት ሽቦ ከሌለ በሰው በኩል ነው ወደ መሬት የሚያልፈው። ማሽኑን ሲነኩ እጅን የሚነዝር ከሆነ ከቆጣሪው ማጥፋትና ባለሙያ መጥራት እንጂ ሌላ ሙከራ የለም። ኤሌክትሪሺያን ጠርተን አስተከልን። ወጪውንና መዘግየቱን ያኔ አልወደድኩትም ነበር፤ ቤቴ ውስጥ የልጅ ልጆች ይሯሯጣሉና አሁን በጣም አመሰግነዋለሁ።

የጀርባውን ክዳን በምንም ምክንያት እንዳልከፍትም አስጠንቅቆኛል። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ቦርድ ላይ ያለው ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ከፊት በኩል ከታች ያለውን የማሽኑን የውሃ ማስወጫ ፓምፕ ማጣሪያ ግን ማንም ሊያጸዳው ይችላል፦ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ከነበረ ቀዝቅዞ፣ በትንሿ የማፍሰሻ ጎማ ውሃው ጎድሎ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ውሃ እያለበት በሩን በጉልበት መክፈት አይገባም። ሳሙናንም በተመለከተ፣ ለእጅ ማጠቢያ የተሠራው ዱቄት አረፋው ስለሚበዛ ማሽኑን ያሳስተዋል፤ ለማሽን የተሠራውን መግዛት ይሻላል።

ቅሬታም አለኝ። መለዋወጫ የሚያስመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መዘግየቱ ይገባኛል፤ ግን ዕቃው ሲዘገይ እሱ ራሱ ደውሎ አይናገርም። የጎረቤቴ የበር ጎማ የታዘዘ ጊዜ እሷ ናት ስትደውል የከረመችው። ለሥራው የጽሑፍ ደረሰኝም ቢሰጥ እመርጣለሁ፤ የሰጠኝ ዋስትና በቃል ብቻ ነው።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው የሚከፍተው፤ በሌሎቹ ቀናት ጠዋት ሲደወልለት ያነሳል። የምትደውሉ ሰዎች የማሽኑን ስሪት፣ የወጣውን ኮድ፣ ውሃው ከመስመር ይሁን ከሮቶ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህኑ ነው።