ለደብረ ብርሃን የጨዋታ ቡድን፦ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ዲጂታል ሕጎች የትኛው ያዋጣል?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ዳይስ እየጣለ ታሪክ የሚጫወትበትን የጠረጴዛ ጨዋታ፣ አምስት ሆናችሁ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩሉ። ኤስአርዲ 5.1 የተባለው የመነሻ ሕግ በ2023 እ.ኤ.አ. በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ተለቋል። ከ400 ገጽ በላይ ያለው ፒዲኤፍ ነው፤ በቴሌግራም ለጓደኛ መላክ ሕጋዊ ነው፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም ስልክ ላይ ይከፈታል።

ጉድለቱ ገጸ ባሕርይ ሲሠራ ይወጣል። 12ቱም ሙያዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ግን ንዑስ ዘርፉ አንድ ብቻ ነው። ተዋጊ 3ኛ ደረጃ ሲደርስ ቻምፒየን ከተባለው ንዑስ ዘርፍ ሌላ ምርጫ የለውም። ሁለት ተዋጊ ካላችሁ መንታ ሆኑ ማለት ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስአርዲ 5.2 የታደሰውን ሕግ የያዘ ነው፤ እሱም ነፃ ነው። ሁለቱን ግን አትቀላቅሉ። ኪዩር ዉንድስ የተባለው የፈውስ ድግምት በ1ኛ የድግምት ደረጃ በ5.1 አንድ ባለ 8 ፊት ዳይስ ያስጥላል፣ በ5.2 ሁለት። ጭቅጭቁ ከዚህ ይጀምራል፤ ፋይሉን የጨዋታ መሪው ብቻ ያሰራጭ።

ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለው የጨዋታው ይፋዊ ድረ ገጽና መተግበሪያ ፍለጋው ፈጣን ነው፣ ነገር ግን የሚገዛው መጽሐፍ በድረ ገጹና በመተግበሪያው የሚነበብ እንጂ ፒዲኤፍ አይደለም። ለቡድን ለማጋራት ደግሞ ወርኃዊ ክፍያ አለው። ለጀማሪ አይመከርም።

የ5.1 ገጽ በሁለት ዓምድ ስለተሠራ በትንሽ ስልክ ማንበብ ያታክታል። የድግምት ገጾቹንና ከፋይሉ ውጭ ለብቻው የሚገኘውን የገጸ ባሕርይ ቅጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙ። በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ስክሪን ከመነካካት ወረቀት ይሻላል።