ሶኬት አይኦ በኮምቦልቻ መጋዘን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ የተጠቃሚ ግምገማ

ኮምቦልቻ ላይ የሕንፃ መሣሪያ በጅምላ ለሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የትዕዛዝ መቀበያ ዌብ መተግበሪያ ሠርቼ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። በመተግበሪያው ላይ የቅጽበት መልእክትና ማሳወቂያ ለመጨመር የመረጥኩት ሶኬት አይኦ የተባለውን ላይብረሪ (በራስ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ፣ ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) ሲሆን፣ ክረምቱንም በጋውንም አብሮን ስላለፈ ስለ ጠባዩ አሁን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ሶኬት አይኦ መስመሩን ይጠብቃል፤ መልእክቱን ግን አይጠብቅም። የተቋረጠን ግንኙነት መልሶ በመቀጠል ረገድ ቅር አሰኝቶኝ አያውቅም፤ ግንኙነቱ ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ የተላለፈው መልእክት ለባለቤቱ መድረሱን የማረጋገጡ ሥራ ግን የመተግበሪያው ሠሪ ድርሻ ነው።

ነገሩ ያስፈለገን በዋጋ ምክንያት ነው። የፌሮ፣ የቆርቆሮና የቱቦላሬ ዋጋ ጠዋት የነበረው ከሰዓት በኋላ ላይገኝ ይችላል። ደሴ ፒያሳና ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉ ቸርቻሪዎች በገጹ ላይ ባዩት ዋጋ ለደንበኛቸው ቃል ከገቡ በኋላ መጋዘኑ ዋጋ ለውጦ ከተገኘ፣ ጭቅጭቁ የሚያርፈው በቸርቻሪው ላይ ነው። ቀድሞ የዋጋ ለውጥ የሚነገረው በስልክና በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ቴሌግራም መልእክት በማድረስ በኩል እንከን አይወጣለትም፤ ነገር ግን ግሩፑ ላይ የተጻፈ «ባለ 12 ፌሮ ጨምሯል» የሚል ቃል ከትዕዛዙ ጋር አይያያዝም፤ ማን እንዳየው፣ ትዕዛዙ የተሰጠውም ከለውጡ በፊት ይሁን በኋላ ከመዝገብ ማውጣት አይቻልም። መልእክቱ ከትዕዛዙ ጋር አንድ ቦታ ላይ መቀመጥ ነበረበት።

መልእክት የማድረሱን ሥራ በወርሃዊ ክፍያ የሚሠሩ የውጭ አገልግሎቶች አሉ፤ ክፍያቸው የሚፈጸመው ግን በዶላር ካርድ በመሆኑ፣ ካርዱ ባልሠራ ቀን የመጋዘኑ ሥራ አብሮ የሚቆምበትን ሁኔታ መፍጠር አልፈለግሁም። ሶኬት አይኦ ጊየርሞ ራውች እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው፣ ኮዱ ክፍት የሆነና በኤምአይቲ ፈቃድ በነፃ የሚገኝ ላይብረሪ ነው፤ በራሳችን ሰርቨር ላይ፣ የጃቫስክሪፕት ኮድ ከሚያስኬደው ከኖድ ጄኤስ ጋር ይሠራል። መሠረቱ ዌብሶኬት ነው። በተለመደው የዌብ አሠራር ብራውዘሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደረጃው የወጣለት ዌብሶኬት ግን አንዴ የተከፈተውን መስመር ሳይዘጋ ስለሚያቆየው ሰርቨሩ ሳይጠየቅም መናገር ይችላል። ሶኬት አይኦ በተለመደው የዌብ ጥያቄ (ኤችቲቲፒ) ይገባና መስመሩ ከፈቀደ ወደ ዌብሶኬት ያድጋል፤ ካልፈቀደም በጥያቄና መልሱ ይቀጥላል። ተጠቃሚው ልዩነቱን አያየውም።

የላይብረሪው ጥቅም በግልጽ የታየኝ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ እየተጠማዘዘ የሚወጣ በመሆኑ፣ የስልክ ሲግናል በአንዱ ኩርባ ሞልቶ በሌላው ይጠፋል። ቆርቆሮ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ከረዳቱ ጎን ተቀምጬ ስክሪኑን እከታተል ነበር። ረዳቱ ለመጋዘኑ «የጫንነው ባለ 32 ጌጅ ነው፣ ትዕዛዙ ባለ 30 ይላል፤ ምን እናድርግ?» ብሎ ጻፈ፤ መልእክቱም ጎኑ ላይ የሰዓት ምልክት እንደያዘ ቆመ። ሲግናል አልነበረም። ላይብረሪው ግንኙነቱን ከ1 ሰከንድ በኋላ፣ ቀጥሎ ከ2፣ ከዚያም ከ4 ሰከንድ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ በየ5 ሰከንዱ ይሞክራል፤ ረዳቱ ምንም ሳይነካ፣ ኩርባውን እንዳለፍን የሰዓቱ ምልክት ወደ አንድ ጭረት ተለወጠ። የመጋዘን ኃላፊው ሲከፍተው ሁለተኛው ጭረት ተጨመረ፤ መኪናው ደሴ ሳይገባም መልሱ መጣ። ላይብረሪው በእነዚህ የሙከራ ጊዜዎች ላይ እስከ ግማሽ የሚደርስ የዘፈቀደ ልዩነት ሆን ብሎ ይጨምራል። ሰርቨሩ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሲነሣ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመጣ፣ የሁሉም ሱቅ ኮምፒውተር በአንድ ቅጽበት እንዳይጋፋ የሚያደርገው ይህ ነው።

ተጠቃሚው በመስመር ላይ መሆኑን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች። በነባሪው ቅንብር ሰርቨሩ በየ25 ሰከንዱ «አለህ ወይ?» የሚል ምልክት ይልክና መልሱን እስከ 20 ሰከንድ ይጠብቃል። ስለዚህ መብራት ድንገት ጠፍቶ ራውተሩ ሲዘጋ፣ ሰርቨሩ ያንን ሰው እስከ 45 ሰከንድ ድረስ እንዳለ ሊቆጥረው ይችላል፤ ጻፊው አረንጓዴውን አይቶ ይጽፋል፣ ሰሚ ግን የለም። ጊዜውን ማሳጠር ይቻላል፤ ባሳጠሩት ቁጥር ግን ሲግናሉ ለጥቂት ሰከንድ የደከመበትን ስልክ ሁሉ እንደወጣ ይቆጥረዋል፣ ዳታና ባትሪም ይበላል። ለዚህ አካባቢ ኔትወርክ ነባሪዎቹ ቁጥሮች የተሻሉ ሆነው ስላገኘኋቸው አልነካኋቸውም፤ በነጥቧ ፋንታ ሰውየው መጨረሻ የታየበት ሰዓት እንዲጻፍ አድርጌአለሁ። ለቸርቻሪው የሚጠቅመው እውነተኛው መረጃም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የመልእክት መጥፋት ነው። ሶኬት አይኦ መልእክቶች በተላኩበት ቅደም ተከተል እንዲደርሱ ዋስትና ይሰጣል፤ መድረሳቸውን በተመለከተ ግን የነባሪው አሠራር ዋስትና «ቢበዛ አንድ ጊዜ» የሚል ነው፤ መልእክቱ ሁለት ጊዜ አይደርስም፣ ጭራሽ ላይደርስ ግን ይችላል። የላይብረሪው ሰነድ ይህን ሳይሸፋፍን ያስቀምጠዋል። ጠባዩም በሁለቱ አቅጣጫ አንድ አይደለም። ከስልኩ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው መልእክት መስመር ሲቋረጥ በብራውዘሩ ማኅደረ ትውስታ ተይዞ ይቆይና ግንኙነቱ ሲመለስ ይላካል፤ ገጹ ከተዘጋ ግን አብሮ ይጠፋል። ከሰርቨሩ ወደ ስልኩ የሚሄደው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ተቀባዩ ከሌለ የሚይዝለት የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 4.6 እትም ላይ የተጨመረው የግንኙነት ማስመለሻ ለአጭር ጊዜ የጠፋ ሰው ያመለጠውን እንዲያገኝ ያደርጋል፤ በሰነዱ ምሳሌ ላይ የተሰጠው ጊዜ 2 ደቂቃ ነው። ለመንገዱ ኩርባ ይበቃል። መብራት ለጠፋበት ሱቅ፣ ወይም ስልኩን አጥፍቶ ለጁምዓ ሶላት ለሄደ ነጋዴ ግን አይበቃም፤ መረጃው በሰርቨሩ ማኅደረ ትውስታ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ተነሥቶ ሲጀምር ይጠፋል።

በዚህ ምክንያት የሠራሁት አሠራር መልእክቱን ለዳታቤዙ፣ ማድረሱን ለሶኬት አይኦ የሚሰጥ ነው። ማንኛውም መልእክትና የዋጋ ለውጥ መጀመሪያ ፖስትግሬስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘገባል፤ ተከታታይ ቁጥርም ይሰጠዋል። መላኩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስልኩ በተገናኘ ቁጥር መጨረሻ ያየውን ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ሰርቨሩም ከዚያ ቁጥር በኋላ ያለውን ሁሉ ከመዝገብ አውጥቶ ይሰጠዋል። በተቃራኒው አቅጣጫ ስልኩ ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱን መለያ ይሰጥና በብራውዘሩ ማከማቻ ያስቀምጠዋል፤ የሚሰርዘው ሰርቨሩ «መዝግቤዋለሁ» ብሎ ሲመልስለት ብቻ ነው። ምላሹ በመንገድ ቀርቶ ስልኩ ያንኑ መልእክት ደግሞ ቢልከው፣ ዳታቤዙ መለያውን አይቶ ሁለተኛውን አይቀበልም። በረዳቱ ስልክ ላይ የታየችው የመጀመሪያዋ ጭረት ትርጉሟ ይህ ነው፦ መልእክቱ ዳታቤዝ ገብቷል። ከሰርቨሩ ደረሰ ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጭረቷን አላሳይም ነበር፤ ሰው ጭረት ሲያይ ያምናልና። «እየጻፈ ነው» ለሚለው ምልክት ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ላይብረሪው ከጠፋ ይጥፋ ለሚባል መልእክት የተለየ የአላላክ መንገድ ስላለው በዚያ ይሄዳል።

ተከታታይ ቁጥሩ ሌላም ነገር አቃልሎልናል። ስልካቸውን በሀገራችን የሰዓት አቆጣጠር የሞሉ፣ ማለትም ከትክክለኛው 6 ሰዓት ያዛነፉ ተጠቃሚዎች አሉን። መልእክት በስልኩ ሰዓት ቢደረደር መልስ ከጥያቄው በፊት ይመጣል። ስለዚህ መልእክቶቹ የሚደረደሩት በሰርቨሩ ቁጥር ነው፤ የሚታየው ሰዓትም ከሰርቨሩ ይመጣና «ከጠዋቱ 3:20» ተብሎ ሁሉም በሚያውቀው አነጋገር ይጻፋል።

ገጹ ሲዘጋ የሶኬት አይኦ ሥራ ያበቃል። ስልኩ ኪስ ከገባ በኋላ የሚጮኸው ማሳወቂያ ዌብ ፑሽ የተባለ የሌላ ቴክኒካዊ ደረጃ (ስታንዳርድ) ሥራ ነው፤ የሚያደርሰውም የብራውዘሩ አምራች የሚያካሂደው ሰርቨር ነው። ሁለቱን አንድ ነገር አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች ስለሆኑ እዚህ ላይ ማስረገጥ እወዳለሁ፤ ሶኬት አይኦን ብቻ የጫነ ሰው የማሳወቂያውን ግማሽ ብቻ ነው የሠራው። ከዌብ ፑሽ ባሕርያት በጣም የጠቀሙን ሁለት ናቸው። አንደኛው መልእክቱ ካልደረሰ ስንት ሰከንድ እንዲጠበቅ መወሰን መቻሉ ሲሆን፣ የዋጋ ማሳወቂያ ከሥራ ሰዓት በኋላ እንዳይደርስ አድርጎልናል። ሁለተኛው በአንድ ርዕስ ሥር ገና ያልደረሰውን መልእክት በአዲሱ መተካቱ ነው፤ የባለ 12 ፌሮ ዋጋ ስልኩ ተዘግቶ ሳለ ደጋግሞ ቢለወጥ፣ ነጋዴው ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ነው። የትዕዛዝ መልእክቶች ግን እንዲተካኩ አላደረግሁም፤ «ተጫነ» የሚለው «ደረሰ» በሚለው መሸፈን የለበትም። አይፎን የያዙ ደንበኞች ማሳወቂያ የሚያገኙት ከአይኦኤስ 16.4 ጀምሮ፣ ገጹን በስልካቸው መነሻ ስክሪን ላይ ካስቀመጡት ብቻ ነው፤ ይህን በአካል ተገኝቶ ማሳየት ያስፈልጋል። አንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮችም ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ማሳወቂያውን ስለሚያዘገዩት ቅንብራቸውን ማስተካከል ግድ ይላል።

ምን ሊጮህ እንደሚገባው የወሰነልን ሰኞ ገበያ ላይ ሱቅ ያላቸው አንድ አዛውንት ደንበኛችን ናቸው። ፈቃድ የሚጠይቀውን ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት፣ «ልጄ፣ ስልኬ የሚጮኸው ገንዘብ የሚነካ ነገር ሲመጣ ብቻ ከሆነ እሺ፤ ሌላውን ስከፍተው አየዋለሁ» አሉኝ። «እሺ ሐጂ፣ እንዳሉት ይሆናል» ብዬ ተቀበልኩ። ዛሬ ድምፅ የሚያሰሙት የዋጋ ለውጥ፣ የዕቃ መጫንና በስም የተላከ መልእክት ብቻ ናቸው፤ የቀረው በቁጥር ይታያል። ይህ ምክር ከቴክኒኩ የማይተናነስ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ተጠቃሚው ተማርሮ አንድ ጊዜ ፈቃዱን ከከለከለ፣ ገጹ ደግሞ ሊጠይቀው አይችልም፤ ሰውየው ራሱ ብራውዘሩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ካልፈታው በቀር ተዘግቶ ይቀራል።

በአንድ ሰርቨር ላይ በአንድ የኖድ ጄኤስ ሂደት (በሥራ ላይ ባለ አንድ የፕሮግራም ቅጂ) ለሚሠራ ድርጅት ይህ ሁሉ ሳይወሳሰብ ይሄዳል። ሂደቶቹ ሲበዙ ግን የአንዱ ተጠቃሚ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንዱ ሂደት እንዲሄዱ ጥያቄዎችን ተቀብሎ በሚያከፋፍለው ኤንጂንኤክስ ላይ ማሰር፣ ሂደቶቹን ደግሞ መረጃን በማኅደረ ትውስታ ይዞ በሚያቀባብለው በሬዲስ ማገናኘት ያስፈልጋል። የግንኙነት ማስመለሻውን የሚፈልግ ሰው የሬዲስ ስትሪምስ አዳፕተር የተባለውን ማገናኛ ይምረጥ፤ የተለመደው የሬዲስ አዳፕተር ማስመለሻውን አይደግፍም። እኛ እስካሁን ወደዚያ የሚያደርስ ብዛት የለንም።

ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ ሾፌሮች ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው፤ ለእነርሱ ከዚያው ከዳታቤዙ አጭር የስልክ መልእክት ይወጣላቸዋል። በዌብ ፑሽ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ቢይዝም መልእክቱ ከ1,300 ፊደል በላይ ይችላል፤ በአጭር የስልክ መልእክት ግን በላቲን ፊደል 160 የሚፈቀደው፣ በአማርኛ ሲጻፍ 70 ብቻ ነው። ስለዚህ ሰላምታውም የድርጅቱ ስምም ወጥቶ፣ የትዕዛዙ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነትና ማራገፊያ ቦታው ብቻ ቀርቷል፦ «ትዕዛዝ 318፣ ቆርቆሮ ባለ 30፣ ማራገፊያ ሰኞ ገበያ፤ ሲደርሱ ይደውሉ።»