«የድሮ ቢግ ስቲክ» የሚባለውን ነጭ ዘንግ በሜትር ሳትለኩ እንዳትገዙ

አሜሪካ ውስጥ ትራክ የምትነዱና ቤታችሁ የሲቢ ቤዝ (ትራክ ነጂዎች የሚነጋገሩበትን የሲቢ ሬዲዮ የቤት ጣቢያ) ለመትከል አሮጌ አንቴና የምታፈላልጉ ወገኖች፣ ገንዘብ ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

አንድ ጓደኛችን በቅርቡ «ኦሪጅናል ቢግ ስቲክ ነው፣ ዛሬ ብትፈልገው አታገኘውም» ተብሎ ነጭ የፋይበርግላስ አንቴና ገዛ። ፎቶው ላይ ሣር ላይ ተጋድሞ ያበራል፤ አጠገቡ የሚያነጻጽሩት ነገር ስለሌለ ግን ርዝመቱ አይታወቅም። እጁ ሲገባ 2.4 ሜትር እንኳ የማይሞላ የጀልባ አንቴና ሆኖ ተገኘ! ሻጩ «ሼክስፒር ይላል እኮ፣ አንብበው» ብሎ ተከራከረ፤ ከዚያ ወዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

ሼክስፒር ማለቱስ እውነት ነው። ሼክስፒር የአንቴና ድርጅት ነው፤ ቢግ ስቲክ የተባለውን የሲቢ ቤዝ አንቴናም፣ ለጀልባ ሬዲዮ የሚሆን ቪኤችኤፍ አንቴናም ሠርቷል። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ፋይበርግላስ። የጀልባው ግን የሚሠራው 156 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ሲቢ ደግሞ 27 ላይ። የጀልባውን ከሲቢ ጋር አገናኝቶ ማይክ መጫን ኃይሉን መልሶ ወደ ሬዲዮው መስደድ ነው፤ የማሰራጫው ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ ጽሑፉን ሳይሆን ርዝመቱን እመኑ። በ27 ሜጋኸርዝ አንድ ሞገድ 11 ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ 5.5 ሜትር ይሆናል። ሌላው የታወቀ የሲቢ ቤዝ አንቴና አንትሮን 99፣ ብዙዎቻችን ኤ99 የምንለው፣ የግማሽ ሞገድ አንቴና ስለሆነ 5.3 ሜትር ገደማ ነው። ቢግ ስቲክም ከዚያው ወገን ነው። አይማክስ 2000 የሚባለው ቤዝ አንቴና ይረዝማል፣ 7.3 ሜትር ያህል። ትራክ ላይ የምናስረው ሽቦ የተጠመጠመበት አጭር ዘንግ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ እንዲያጥር ተብሎ የተሠራ ነው። ቤዝ ተብሎ ከአምስት ሜትር በታች የሆነ ፋይበርግላስ ካያችሁ ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም፣ ወይም ጎዶሎ ነው።

ጎዶሎ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤ99ም አይማክስም በሦስት ቁራጭ የሚገጣጠሙ ናቸው። የኤ99 ቁራጭ 1.8 ሜትር ገደማ፣ የአይማክስ 2.4 ሜትር ገደማ ነው። የአንዱን ታች ከሌላው ጫፍ ጋር አዳቅሎ የሚሸጥም አይጠፋም። ሦስቱንም ለየብቻ ለኩ። ኤ99 ከሥሩ የሚሽከረከሩ ሁለት ማስተካከያ ቀለበቶች አሉት፤ ደርቀው አልዞር ካሉ ወይም ከጠፉ ዋጋው ይውረድ።

ሣጥኑ ካለ ደግሞ «23 ቻናል» ይል እንደሆነ እዩ። ሲቢ ወደ 40 ቻናል ያደገው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ አንቴና የተቃኘው ለታችኞቹ ቻናሎች ስለሆነ 19 ላይ ደህና ሆኖ 40 ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ኤስደብልዩአሩ (ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያሳየው ቁጥር፣ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር የተሻለ) 1፣ 19 እና 40 ላይ ይለካ።

ሻጭ «9.9 ዲቢ ነው» ሲላችሁ ፈገግ በሉ፤ ዲቢ አንቴናው ምልክቱን ምን ያህል እንደሚያጠነክር መለኪያ ነው። ቁጥሩ የኤ99 ማስታወቂያ ነው። የግማሽ ሞገድ አንቴና በነፃ አየር የሚያገኘው 2.15 ዲቢአይ (በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሚያሰራጭ ምናባዊ አንቴና ጋር ሲነጻጸር የሚለካ ዲቢ) ነው፣ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። አይማክስ ከኤ99 ይሻላል የሚባለውም ጆሮ ብዙ የማይለየው ልዩነት ነው። ለዚያ ብሎ እጥፍ መክፈል በእኔ እምነት ከንቱ ነው፤ ያንኑ ገንዘብ ለጥሩ ኬብልና ለከፍ ያለ ምሰሶ አውሉት።

የኤስደብልዩአር መለኪያውም ያታልላል። ረጅም ወይም ውሃ የገባው ኬብል ኃይሉን እመንገድ ላይ ይበላዋል፤ የተመለሰው መለኪያው ጋ ሳይደርስ ስለሚያልቅ መርፌው የሚያምር ቁጥር ያሳያል። ሻጩ ጋራዥ ውስጥ ሆኖ «ይኸው 1.1!» ቢል በአጭር ኬብል ከአንቴናው ሥር ይለካልኝ በሉት።

አሁን ወደ ቀለሙ። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ፋይበርግላስ ለምን ተቀባ? ፀሐይ ሙጫውን ስትበላው የመስታወቱ ክር ይወጣል፣ እጅ ላይ እንደ ስንጥር ይሰካል፣ ውሃም ይገባበታል። ቀለም ይህን ይሸፍናል። ቀለሙ የብረት ብናኝ ወይም ግራፋይት ካለበት ደግሞ አንቴናውን ከቅኝቱ ያወጣዋል። መለያው በቀለም የተሸፈነ ከሆነ ተዉት፤ ዕድሜውን የሚናገረው እሱ ነበር።

ዕድሜው ለዋጋ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ዙሪያውን የሚያሰራጩ የሲቢ ቤዝ አንቴናዎች የመብራት መስመር ቢነኩ እስከ 14,500 ቮልት የሚችል መከላከያ እንዲኖራቸው ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። አንቴና ሲያቆሙ ወይም ሲያወርዱ መስመር ነክተው የሞቱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ይህን ፈተና ላያልፍ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የተሠራውም ቢሆን ከተሰነጠቀ አይታመንም።

ስለዚህ ሻጩ ጋ ስትደውሉ፣ ሦስቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አጋድሞ ሜትር ዘርግቶበት የሥሩንና የመለያውን ፎቶ እንዲልክ ጠይቁት። ቀብድ አትላኩ። ልታመጡት ስትሄዱ ወፍራም ጓንት ያዙ። ስትተክሉት ደግሞ ሕጉ የሚፈቅደው ከመሬት እስከ 18.3 ሜትር፣ ወይም ከተተከለበት ሕንፃ ጫፍ በላይ እስከ 6.1 ሜትር ነው፤ የመብራት ሽቦው ርቀት ግን ምሰሶው ቢወድቅ ከነአንቴናው ከሚደርስበት በላይ ይሁን።