«ወርቃማው ኮምፓስ»፦ ፊልሙን ከልጆች ጋር ከማየታችሁ በፊት

ልጆች «ወርቃማው ኮምፓስ»ን እንይ ካሉ፣ መጀመሪያ ፊልሙንና መጽሐፎቹን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ፊልሙ የተሠራው ከሦስት ተከታታይ ልብ ወለዶች የመጀመሪያውን ይዞ ነው። በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፊልሙ ሲወጣ «ፀረ ሃይማኖት ነው» አሰኝቶ ያን ሁሉ ቁጣ ያስነሳው ነገር ፊልሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ያለው መጽሐፎቹ ውስጥ፣ በተለይም ሦስተኛው ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ፊሊፕ ፑልማን ሦስቱን መጽሐፎች ያሳተመው በ1995፣ በ1997 እና በ2000 ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ላይራ በምትባል የኦክስፎርድ ልጅ ነው። በእሷ ዓለም የሰው ነፍስ ከአካሉ ውጭ፣ በእንስሳ መልክ አብራው ትሄዳለች፤ «ዴመን» ትባላለች። ይህን ቃል ሲሰማ ጋኔን መስሎት የሚደነግጥ ወላጅ አይጠፋም። ቃሉ ግን ከጥንታዊ ግሪክ የመጣ ነው፤ በአማርኛ የሚቀርበው «ውቃቢው ራቀው» ስንል የምናስበው ነገር ነው። የልጅ ዴመን መልኳን ትቀያይራለች፤ ልጁ ሲያድግ በአንድ መልክ ትረጋለች። በዚያ ዓለም የሚገዛው ቤተ ክህነት ይህን ለውጥ ከአዳም ኃጢአት ጋር ያያይዘዋል፤ ስለዚህ ልጆችን አፍኖ በስለት ከዴመናቸው የሚለይ ጣቢያ አለው።

ፊልሙ 113 ደቂቃ ነው፤ 180 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ኒኮል ኪድማን ልጆቹን እንደምታሳፍነው ወይዘሮ ኮልተር በጣም ጎበዝ ናት፤ እንስሳቱም የኦስካር የእይታ ውጤት ሽልማት ያስገኙ ናቸው። ችግሩ ዳይሬክተሩ ክሪስ ዋይትዝና ኩባንያው ኒው ላይን ውዝግቡን ፈርተው ታሪኩን ማጎደላቸው ነው። «ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ቃል ወጥቶ «ማጂስቴሪየም» (የቤተ ክህነቱ ገዢ አካል መጠሪያ) ብቻ ቀረ። የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያሉት፣ የላይራ ጓደኛ የሚሞትባቸው ምዕራፎች ተቆርጠው ለቀጣዩ ፊልም ተተዉ፤ ቀጣዩም አልተሠራም። ስለዚህ ፊልሙ ጀግኖቹን በአየር መርከብ ላይ ጥሎ ያልቃል። ለትንንሽ ልጆች የሚከብደው የሁለቱ ድቦች ፍልሚያ ነው፤ አንደኛው የሌላኛውን መንጋጋ ገንጥሎ ይጥላል። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንመክርም።

ካቶሊክ ሊግ የተባለው የአሜሪካ ካቶሊኮች ተሟጋች ድርጅት ፊልሙ እንዳይታይ የቀሰቀሰው፣ ፊልሙ ማጥመጃ ነው ብሎ ነው፤ ልጁ አይቶ ሲወደው ወላጅ መጽሐፎቹን ለገና ይገዛለታል። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የፊልም ቢሮ ግን መጀመሪያ በጎ ግምገማ አውጥቶ ነበር፤ በኋላ አነሳው። በአንጻሩ በወቅቱ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሪ ሮዋን ዊልያምስ የፑልማንን ሥራ አመስግነው፣ ከደራሲው ጋር በመድረክ ተወያይተዋል። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ 70 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሲያስገባ፣ በሌላው ዓለም ወደ 300 ሚሊዮን ሰብስቧል። የውጭውን መብት ኒው ላይን አስቀድሞ ሸጦት ስለነበር ያ ገንዘብ ብዙም አልጠቀመውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው መጽሐፍ። እዚያ አምላክ ተብሎ የሚመለከው «ባለሥልጣኑ» የሚባል ፍጡር የመጀመሪያው መልአክ ነው፤ ከእሱ በኋላ ለመጡት «የፈጠርኳችሁ እኔ ነኝ» ብሎ የዋሸ። ደጋፊዎች «እውነተኛው አምላክ አይደለም» ይላሉ፤ ነገር ግን ያህዌ፣ ኤል፣ አዶናይ የሚሉትን ስሞች ደራሲው ለእሱ ስለሰጠ ክርክሩ አይዘልቅም። መጨረሻው ግን «ልጆች አምላክን ይገድላሉ» ተብሎ እንደሚወራው ግድያ አይደለም። ላይራና አብሯት የሚጓዘው ልጅ በክሪስታል ሣጥን ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ያገኛሉ፤ አዝነውለት ሲከፍቱት በነፋስ ይበተናል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህም የሚከብደው ሜታትሮን ነው። በባለሥልጣኑ ስም የሚገዛው ይህ ጨካኝ መልአክ የያሬድ ልጅ ሄኖክ እንደነበረ መጽሐፉ በግልጽ ይናገራል፤ የሚወድቀውም በሴት ምኞት ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ነው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። እዚያ ሴቶችን ተመኝተው የወደቁት መላእክት ናቸው፤ ሄኖክ ደግሞ ፍርዳቸውን የሚያደርስላቸው ጻድቅ ጸሐፊ ነው። ፑልማን የተወቃሹን ቦታ ለወቃሹ ለሄኖክ ሰጠው። ይህን ሳያውቁ መጽሐፉን ለልጅ መስጠት ትልቅ ስህተት ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ለ12 ዓመት ልጅ ይሆናል፤ አጻጻፉም ድንቅ ነው። ሦስተኛውን ወላጅ ቀድሞ ያንብበው፤ ከልጁ ጋር ሲያነቡም ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3ን እና መጽሐፈ ሄኖክን ከምዕራፍ 6 እስከ 16 አጠገባቸው ያድርጉ። ሙሉ ታሪኩን በምስል ለሚፈልግ ከ2019 እስከ 2022 የወጣው ባለ 23 ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ ከፊልሙ እጅግ ይሻላል፤ ሜታትሮን የሚመጣውም በሦስተኛው ምዕራፉ ላይ ነው።